ዝናቡ የት ቀረ? ከደሴ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት
ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ባህር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ

እንደምን ሰነበታችሁ?

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ደብዳቤዬ ስለ ባህርና ባህሩን ከሰማይ ስለሚለኩ ሳተላይቶች ነው። ጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ባህር ምን አገባው እንዳትሉኝ፣ ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

አጎቴ ኩታበር ውስጥ ገበሬ ናቸው። መሬታቸው ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ከፍታ ላይ ብዙ ሰው የሚኖረው በበልግ ገብስ ነው። ጥር ላይ ያርሳሉ። የካቲት ላይ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ሲጥል ይዘራሉ፣ ሰኔ ላይ ያጭዳሉ። የቤተሰቡ ዓመት የሚወሰነው በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልጉ አጀማመሩ ጥሩ ነበር። መሬቱ ራሰ፣ ዘሩ ገባ፣ ገብሱ ጣት ያህል ወጣ። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አራት ሞላ። ደመናው ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ ሲመሽ ይበተናል። ክርስቲያኑ ምህላ ያዘ፣ ሙስሊሙ ዱዓ አደረገ፤ እንደ ወሎ ወግ አንዱ ላንዱ አሚን አለ። ለፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ አጎቴ ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል።

"አንተ መምህር አይደለህ?" አሉኝ። "እስቲ ንገረኝ፤ ይሄ ዝናብ የት ቀረ?"

"አብሽር አጎቴ፣ ይመጣል" አልኳቸው። አልመጣም።

መልሴ እስካሁን ያሳፍረኛል። እሳቸው የጠየቁኝ ማጽናኛ አልነበረም። ቦታ ነው የጠየቁኝ። ዝናብ ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ በሆነ መንገድ ይጓዛል፣ ካልደረሰ ደግሞ የሆነ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው። ያ ቦታ የት ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እያነበብኩ ይህን ጥያቄ ስከታተል ቆየሁ። ያገኘሁት መልስ ባህር ላይ ወሰደኝ።

እኛ ባህርን ሩቅ አድርገን ነው የምናስበው። ግን ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ፣ ባቲን አልፋችሁ፣ አፋርን አቋርጣችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የጅቡቲ የባህር ውሃ አለ። ከደሴ አዲስ አበባ እንኳ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ነው። የድሮዎቹ ሾፌሮች ይህን ያውቁ ነበር። የአሰብ መንገድ የሚጀምረው ከኮምቦልቻ ነው። ዛሬም ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ውስጥ የተደረደረው ኮንቴይነር ሁሉ በዚያ ባህር ያለፈ ነው። ዕቃው በመኪና ይመጣል፤ ዝናባችን ደግሞ በነፋስ ይመጣል።

የበልግ ዝናባችን እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከአረቢያ ባህር፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ። የክረምቱ መንገድ የተወሳሰበ ነው፤ ከምዕራብ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን በኩል፣ ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከሰሜንም ከቀይ ባህርና ከሜዲትራኒያን በኩል ይገባል። ከየትም ይምጣ፣ አብዛኛው ውሃ መጀመሪያ ባህር ነበር።

ታዲያ ባህሩ ውሃውን እንዴት ነው ለአየሩ የሚያስረክበው? ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በልብስ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት ያጠባችሁት ጋቢ እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርቃል። ደሴ ላይ ያንኑ ጋቢ ነሐሴ ላይ ብታሰጡት ሦስት ቀን ይፈጃል። ለምን? ሦስት ነገር ይወስነዋል። ነፋሱ ምን ያህል ነው? የውሃው ሙቀት ስንት ነው? በላዩ የሚያልፈው አየር ደረቅ ነው ወይስ የጠገበ? ባህርም እንዲሁ ነው። ነፋስ ሲበረታ፣ ውሃው ሲሞቅ፣ አየሩ ሲደርቅ ትነቱ ይጨምራል።

ከትነቱ ጋር ሙቀትም አብሮ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ፣ ያንኑ ውሃ ከበረዶ ቅዝቃዜ እስከ ፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው 5 እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይፈጃል። ያ ሙቀት አይጠፋም። በእንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል፤ ደመና ሲሆን ይለቀቃል፣ አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። የባህሩ የላይኛው 3 ሜትር ገደማ ብቻ የአየሩን ሁሉ ያህል ሙቀት የመያዝ አቅም አለው። ስለዚህ ባህሩ ትንሽ ሲሰጥ ወይም ትንሽ ሲከለክል እኛ ዘንድ ብዙ ነገር ይለወጣል።

በ2007 ዓ.ም. ይህን በራሳችን አየን። ከኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የራቀው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሞቀ፤ ኤልኒኖ ተባለ። በልጉም ክረምቱም ከዳን። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ እርዳታ የሚፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ወሎም ከተጎዱት አንዷ ነበረች። በጥቅምት 2013 ደግሞ በወሎ ቆላ አንበጣ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። የዚያ አንበጣ ታሪክ የሚጀምረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከአረቢያ ባህር ተነስተው በደረቁ የአረቢያ በረሃ ላይ ውሃ አፈሰሱ፤ አንበጣው እዚያ ተራባ። አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባህር ከሚነሳ ትነት ነው። ካሉ ወረዳ ያለች እናት ማሽላዋን ያጣችበት ነገር አንዱ ሥሩ ከባህርና ከአየር ልውውጥ ጋር የተያያዘ ነበር።

አሁን ወደ ሳተላይቱ ልምጣ። እኛ ሰፈር ሳተላይት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጣራ ላይ ያለውን ዲሽ ነው። አንድ ተማሪዬ "ሳተላይቱ የባህሩን ትነት ያያል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አያይም ነው። ትነትን በቀጥታ የሚያይ ሳተላይት የለም። የሚደረገው ከላይ የነገርኳችሁን ሦስቱን ነገሮች ለየብቻ ለክቶ ማስላት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ደህና ይለካሉ። አንዱ ነው የሚያስቸግረው።

ነፋሱን እንይ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል። ነፋስ ሽው ሲል የውሃው ገጽ ሽብሽብ ይላል። ሳተላይቱ ራዳር ይልካል፤ ያ ሽብሽብ መልሶ የሚልከውን ሞገድ ለክቶ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ያወጣል። በ1999 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ኩዊክስካት ለጥቂት ዓመት ታስቦ 10 ዓመት አገለገለ። በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. አንቴናው መዞር አቆመ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓውያን ሜቶፕ በሚባሉት ሳተላይቶቻቸው ላይ አስካት የተባለ መሣሪያ አላቸው። ህንድና ቻይናም ተመሳሳይ አምጥቀዋል። ነፋሱ በመጠኑ ተይዟል ማለት ይቻላል።

የውሃው ሙቀትም ይለካል፤ ግን ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር፣ የሚያየው ሳተላይት የሚያነበው ከሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ቀጭን የላይ ገጽ ነው። ወተት አፍልታችሁ ስታስቀምጡ ላዩ ላይ የሚረጋውን ስልባቦት አስቡት። ሳተላይቱ የሚያየው ስልባቦቱን ነው፤ ወተቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐይ በበረታበት ቀን ላዩ ከሥሩ በጥቂት ዲግሪ ሊለይ ይችላል። ደመና ካለ ደግሞ ኢንፍራሬዱ ጭራሽ አያይም። ማይክሮዌቭ በተባለው ሞገድ የሚያየው ሳተላይት ደመናን አልፎ ያያል። ግን ዓይኑ ደብዛዛ ነው፤ ወደ ባህር ዳርቻ ሲጠጋ የመሬቱ ምልክት ይቀላቀልበታል። ለፓስፊክ ይህ ችግሩ ትንሽ ነው። ለኛ ግን ትልቅ ነው። ቀይ ባህርም የኤደን ባሕረ ሰላጤም ጠባብ ናቸው፤ ግራ ቀኛቸው መሬት ነው። ላያቸው ላይም የበረሃ አቧራ ይንሳፈፋል።

አቧራ ማለቴ በከንቱ አይደለም። በ1982 እ.ኤ.አ. የሆነውን ሳነብ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በዚያ ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ጭሱ ከፍ ብሎ ሰማይን ሸፈነ። ሳተላይቶቹ በዚያ ጭስ ውስጥ አሻግረው ባህሩን ሲያዩ ከእውነቱ የቀዘቀዘ መሰላቸው። ፓስፊክ ግን በዚያው ሰሞን እየሞቀ ነበር። ከመቶ ዓመቱ ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ የሆነው የ1982 እና 83 ኤልኒኖ መምጣቱን ሳይንቲስቶች ያወቁት ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም የነቃው። በ1985 እ.ኤ.አ. ቶጋ የተባለ የ10 ዓመት ጥናት ተጀመረ። በ1994 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ፓስፊክ ወገቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር በተንሳፋፊ የመለኪያ ጣቢያዎች ተደረደረበት። ሳተላይት ከላይ ሲያይ፣ ከሥር ደግሞ ውሃው ውስጥ ሆኖ "ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል" የሚለው መሣሪያ ተገኘ። ዛሬ ኤልኒኖን ከወራት በፊት የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ህንድ ውቅያኖስስ? እዚያም ራማ የሚባል ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሯል። ግን ከኛ በኩል ያለው ጥግ፣ ማለትም የአረቢያ ባህር ምዕራብና የሶማሊያ ዳርቻ፣ በባህር ወንበዴዎች ምክንያት ለዓመታት መሣሪያ ሳይተከልበት ቀረ። እስቲ አስቡት። የአጎቴ ገብስ ውሃ የሚነሳበት ባህር፣ ከሁሉም ባሕሮች ጥቂት ለካኝ ካላቸው አንዱ ነው።

ሦስተኛው ነገር የባሰው ነው። ከባህሩ ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው አየር፣ ማለትም 10 ሜትር ገደማ ድረስ ያለው፣ ምን ያህል እርጥብ ነው? ምን ያህል ይሞቃል? ሳተላይት ይህን በቀጥታ መለካት አይችልም። ከላይ እስከ ታች ያለውን እርጥበት በጅምላ ያያል። ከዚያ "ታችኛው ይህን ያህል መሆን አለበት" ተብሎ ይገመታል። ግምቱ ሲስት ትነቱም ይስታል።

ትንሽ ስህተት ምን ያመጣል የሚል ሰው ካለ ሰኞ ገበያ ይምጣ። ነጋዴ ትርፉን የሚያውቀው ከሸጠበት የገዛበትን ቀንሶ ነው። ኩንታሉን በ6,000 ብር ገዝቶ በ6,200 ቢሸጥ ትርፉ 200 ብር ነው። የገዛበትን ዋጋ በ100 ብር ቢስት፣ ከ6,000 አንጻር ኢምንት ነው። ትርፉ ግን በግማሽ ተሳሳተ። ትነትም እንዲሁ ነው የሚሰላው። ባህሩ ገጽ ላይ ካለው እርጥበት፣ ከፍ ብሎ ያለው አየር እርጥበት ይቀነሳል። ሁለቱ ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው፤ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች በአንድ ስኩዌር ሜትር ባህር ላይ የሚያልፈውን ሙቀት በ10 ዋት ልዩነት ውስጥ ማወቅ እንፈልጋለን እያሉ፣ በተለያየ መንገድ የተሰሩት ስሌቶች ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በሚበልጥ ልዩነት የማይስማሙት።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አጎቴ ለጠየቁኝ ጥያቄ ቢያንስ አንድ መልስ አገኘሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ከፈረንሳያዊ ባልደረባው ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። በበልግ ወራት በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ፣ በማዳጋስካር በኩል፣ አውሎ ነፋስ ሲበዛ የኛ ዝናብ ይቀንሳል ይላል። እርጥበቱን ወደዚያ ይስበዋል። የዚያን ዓመት የሆነው ይህ ነው ብዬ አልምልም። ግን "የት ቀረ?" ለሚል ገበሬ፣ "አንዳንዴ ማዳጋስካር አካባቢ ይቀራል" ማለት ትልቅ ነገር ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ከዚያ "ታዲያ የሚያየው ሰው የለም?" አሉኝ።

ደብዳቤዬን ያጻፈኝ ይህ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ነው።

የሚያዩ አሉ። ከዚህ የበለጠ ለማየት የሚያስቡም አሉ። የአውሮፓ የስፔስ ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. ሃርመኒ የተባለ ዕቅድ መርጧል። ሁለት ሳተላይቶች ሴንቲነል 1 ከተባለው የራዳር ሳተላይት ጋር ተከታትለው እየበረሩ በባህር ገጽ ላይ ያለውን ነፋስና የውሃ እንቅስቃሴ እስካሁን ከሚታየው በረቀቀ ሁኔታ ያያሉ። በ2029 እ.ኤ.አ. ሊመጥቁ ታስቧል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ያንን አስቸጋሪ ሦስተኛ ነገር፣ ከባህሩ ገጽ አጠገብ ያለውን አየር እርጥበትና ሙቀት፣ ከማይክሮዌቭ መሣሪያዎች ቅንጅት የተሻለ አድርጎ ማውጣት እንደሚቻል የሚያሳዩ ሳይንቲስቶች አሉ። ሐሳባቸውን በ2020 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳትመዋል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተመደበ ሳተላይት ግን ገና ሰማይ ላይ የለም።

ሳተላይት በፍላጎት ነው የሚሠራው። ማን ምን ያስፈልገዋል ተብሎ ይጠየቃል። የጠየቀ ይሰማል። አውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቿን የምታስተዳድርበት ድርጅት፣ ዩሜትሳት፣ በየሁለት ዓመቱ ከአፍሪካ ተጠቃሚዎች ጋር ይሰበሰባል። የአፍሪካ ስፔስ ኤጀንሲ ካይሮ ላይ ሥራ ጀምሯል። ናይሮቢ ያለው የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ የአካባቢያችንን አገሮች ለወቅት ትንበያ ይሰበስባል። እነዚህ ሁሉ የመናገሪያ ቦታዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ልመናዬ ለሁለቱ ኢንስቲትዩቶች ነው። ኢትዮጵያ ባህር ባይኖራትም የባህር ላይ መረጃ ከሚያስፈልጋቸው አገሮች የፊተኛዋ መሆኗን በጽሑፍ አስታውቁልን። በነዚህ ስብሰባዎች ላይ በግልጽ ጠይቁ። የምዕራብ ህንድ ውቅያኖስን፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤና የቀይ ባህርን የገጽ እርጥበትና የአየር ሙቀት እንፈልጋለን በሉ። ወደ ዳርቻ ተጠግቶ ማየት የሚችል ማይክሮዌቭ እንፈልጋለን በሉ። በቀን አንድ ሁለቴ ሳይሆን ደጋግሞ የሚያልፍ እንፈልጋለን በሉ፤ ባህሩ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለምና። ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ሰው ይህ ባህር የካርታ ጥግ ሊሆን ይችላል። ለኛ የውሃ ጉድጓዳችን ነው።

የራሳችንን ሳተላይት ረስቼ አይደለም። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ስትመጥቅ ተማሪዎቼ ስለሷ አውርተው አይጠግቡም ነበር። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ መረጃዋ እንጦጦ ላይ የሚወርድ፣ እርሻና ደን ለማየት የተሠራች ሳተላይት ነበረች። ነገ ተነስታችሁ የባህር ሳተላይት ሥሩ አልልም። ውድ ነው፤ አገሩም ሌላ ጣጣ አለበት። ግን በመሬቱ ሳተላይት ላይ የሠሩ ልጆች የባህሩን መረጃ ማንበብም ይችላሉ። መረጃው በነጻ ይገኛል። የሚወርደውም ከቴሌቪዥን ዲሽ ብዙ በማይለይ መቀበያ ነው። ጥቂት ወጣቶችን ለይታችሁ "የናንተ ሥራ ይህን ባህር ማንበብ ነው" በሏቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። እዚሁ ያለ ልጅ ይህን ሥራ ቢይዝ፣ ውጤቱን የሚጠብቁትን ሰዎች በስም ያውቃቸዋል።

ሁለተኛው ልመናዬ ለባህር ትራንስፖርት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ወደብ የሌላት አገር መርከቦች አሏት! የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዘው በቀይ ባህር፣ በባብ ኤል መንደብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይመላለሳሉ። ሳተላይቱ የሚቸገርበት ያ ከባህሩ በላይ ያለው ጥቂት ሜትር አየር ለመርከብ ግን ደጃፉ ነው። መርከበኛው እጁን ዘርግቶ ይነካዋል። በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሥር የንግድ መርከቦች በፈቃዳቸው የአየር ሁኔታ እየመዘገቡ የሚልኩበት የቆየ አሠራር አለ። የአየር ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስ፣ የውሃው ሙቀት ይመዘገባል። ሳተላይቱ ሲገምት ልክ መሆኑ የሚፈተሸው በእንዲህ ዓይነት መረጃ ነው። እያንዳንዱ መርከባችን ደህና መሣሪያ ተገጥሞለት፣ በሄደበት ሁሉ በየሰዓቱ ይመዝግብ። መሣሪያው ከመርከቡ ዋጋ አንጻር ከምንም አይቆጠርም። ለዓለም ሳይንስ ግን ባዶ የነበረ ቦታ ይሞላል። የወንበዴውን ፍራቻ ተከትሎ ባዶ በቀረው ባህር ላይ መረጃ የሚያመጣው የኛ መርከብ ቢሆን፣ በስብሰባ ላይ ስንጠይቅም ባዶ እጃችንን አንሆንም።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ግን ለገበሬው የቀረበ ነው። የወቅት ትንበያ ሲወጣ "ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች" ይባላል። ባለሙያው ይረዳዋል። አጎቴ ግን "መደበኛ የማን መደበኛ ነው?" ይላሉ። ከትንበያው ጋር የባህሩ ወሬም በአማርኛ ይምጣልን። "በዚህ ሳምንት የአረቢያ ባህር እንዲህ ሆኗል፤ ነፋሱ ወደኛ ነው፤ ማዳጋስካር በኩል አውሎ ነፋስ ተነስቷል፤ ስለዚህ ለአስር ቀን እርጥበቱ ሊቀንስ ይችላል።" እንዲህ ያለ ወሬ በኮምቦልቻ ማዕከላችሁ በኩል ተላልፎ ለወረዳ የግብርና ባለሙያ ቢደርስ ገበሬው ዘሩን ለሳምንት ይይዛል፤ ወይም ማሽላውን ትቶ ለጤፍ ይዘጋጃል። እርግጠኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። ወሎ ያለ ገበሬ ጥርጣሬን ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰላው ኖሯል። ከነጥርጣሬው ንገሩት።

እናንተ ከዜሮ እንደማትጀምሩ አውቃለሁ። በ1977ቱ ረሃብ ማግሥት የወቅት ትንበያ መስጠት የጀመሩት የኛው ባለሙያዎች ናቸው፤ ያኔ ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነበሩ። የጣቢያ መረጃን ከሳተላይት ጋር አዋህደው ጣቢያ ለሌለው ቀበሌ ሳይቀር የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ያዘጋጁትም እነሱ ናቸው። ያን የሠራ መሥሪያ ቤት ይህንንም ይሠራል ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛም የምንችለውን እያደረግን ነው። ተማሪዎቼ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው፣ ማስመሪያ ለጥፈው፣ ግቢያችን ውስጥ ዝናብ ይለካሉ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያነባሉ። አንዷ ተማሪ ቅዳሜና እሁድም እየመጣች ታነባለች፤ "ዝናቡ ሰንበት አይልም" ትላለች። ደብተሩ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከናንተ ዘመናዊ ጣቢያ ጋር አይወዳደርም። ግን ከባህሩ የተነሳው ውሃ ደሴ መድረሱን የሚመሰክር አንድ ቁጥር ነው፤ ከፈለጋችሁት የናንተ ነው።

ኮምቦልቻ ለሥራ የምትመጡ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ግማሽ ቀን ስጡን። ክፍላችን ውስጥ የህንድ ውቅያኖስ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ስለ ባህሩ ትነት ለልጆቹ አስረዷቸው። በጽሑፍ መልስ ብትሰጡኝም ለተማሪዎቼ አነበዋለሁ። ለፋሲካ ደግሞ ወደ ኩታበር ይዤው እወጣለሁ፤ አጎቴ መነጽራቸውን አስጠግነዋል።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ